«ተካ» ስንል ማን ይወጣል? ማን ይገባል?

የተማሪዋ አባት፦
ጤና ይስጥልኝ። የልጄ የቤት ሥራ እንዲህ ይላል፦ «ሀ = 4 ቢሆን፣ በ3ሀ + 5 ውስጥ ሀን በዋጋው ተክታችሁ አስሉ።» ልጄ ሀን በላጲስ አጠፋች፤ በባዶው ቦታ 4 ጻፈች፤ 34 + 5 ሆነና 39 አለች። የታዘዘችውን ስላደረገች መቆጣት አቃተኝ። «በሀ ፈንታ 4 አስገቡ» ቢል አይሻልም ነበር? «ተካ» እዚህ ላይ ፍቺው ምንድን ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
«ተካ» የ«ተከለ» ታናሽ ወንድም ነው፤ «ለ» በጊዜ ብዛት ረግፋ ነው። በተነቀለ ችግኝ ጉድጓድ ሌላ መትከል ማለት ነው። ልጅዎ ነቅላ ተክላለች፤ ምን አጠፋች?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ለ» የወተት ጥርስ አይደለችም፣ ዝም ብላ አትረግፍም። በዚህ አያያዝ ተክለ ሃይማኖት «የሃይማኖት ምትክ» ሊሆኑ ነው! ለጠያቂው ግእዙ «ህየንተ» ይበቃቸዋል፦ «ህየንተ አበዊኪ ተወልዱ ለኪ ደቂቅ»፤ በአባቶችሽ ፋንታ ልጆች ተወለዱልሽ። ደግሞም «ፋንታ» ነው እንጂ «ፈንታ» አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ፈንታ» ነው። አያቴ «ፈንታዬን ስጡኝ» ነበር የሚሉት።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
አያትዎ ነፍሳቸውን ይማር፤ መዝሙረ ዳዊትን ግን አላረሙም።

ነገር አዋቂ፦
ስሞቻችንን እዩ እንጂ፦ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ፣ ካሳ። ብዙውን ጊዜ ከፊታቸው የሞተ ወንድም ወይም እህት አለ። አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስ 4ኛም ሳይነግሡ ካሳ ነበሩ። «ተካ» ሲባል የቀደመው የለም ማለት ነው። ሀ ግን አልሞተም! በሚቀጥለው ጥያቄ ሀ = 7 ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ምትክ ሳይሆን ተራ መቀባበል ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ካሳ» ሌላ ሥር ነው፤ አትቀላቅሉ። ንባብ ሳይጨርሱ ቅኔ ቤት መግባት የሚያመጣው ጣጣ ይኸው ነው።

የሒሳብ መምህርት፦
ሥሩን ስትቆፍሩ ልጅቷ 39 ይዛ ቀረች። በ3 እና በሀ መካከል የማትታይ የማባዣ ምልክት አለች፤ ፊደሉ ሲወጣ እሷ አትወጣም። 3 × 4 + 5 = 17 ነው። እኔ ተማሪዎቼን መጀመሪያ ባዶ ቅንፍ አስጽፋቸዋለሁ፦ 3( ) + 5። ከዚያ 4 ትገባለች። ቅንፉን የናቀ በ5 − 2ሀ ላይ፣ ሀ = −3 ሲሆን፣ 5 − 2 − 3 ብሎ 0 ያገኛል። መልሱ 11 ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እቴ፣ እኛ እንደ ሀ ላለው ፊደል «ተለዋዋጭ» የሚባል ስም ሳንሰማ፣ አጽዋማትና በዓላት በሚወጡበት ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ቁጥር ስናስገባ ኖረናል። 2018 ዓመተ ምሕረትን አምጡ። 5500 ደምሩበት፣ 7518 ይሆናል። በ19 ግደፉት፣ ማለት አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ፣ 13 ይተርፋል። አሐዱ አእትት ለዘመን፣ አንዱን ለዘመኑ ቀንሱ፤ ወንበር የሚባለው ቀሪ 12። ጥንተ አበቅቴ በሚባለው መነሻ ቁጥር፣ በ11፣ አባዙት፣ 132። በ30 ግደፉት፣ አበቅቴ የሚባለው ቀሪ 12፤ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባለው ጓደኛው ተደምረው 30 ስለሚሆኑ መጥቅዑ 18። በየዓመቱ አንዱን ቁጥር ብቻ እንለውጣለን፤ ግን «ተካ» አንልም። «ደምር፣ ግደፍ፣ አባዛ» ብለን ሥራውን በስሙ እንጠራለን።

የሒሳብ መምህርት፦
እንግዲህ ባሕረ ሐሳብ የተማረ 34 አይጽፍም ነበር። በዚህ ተስማማን ማለት ነው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ፋንታ» በሚለው ከተስማሙ።

ነገር አዋቂ፦
«አስሉ» የሚለውንስ ማን አየው? ቢላዋ ማሳል ነው ወይስ አሰላ ከተማ?

የተማሪዋ አባት፦
መምህርት፣ ስለ ቅንፉ እግዜር ይስጥልኝ፤ 17 አድርሰናል። «ተካ» ይሻላል ወይስ «አስገባ» ያልኩት ግን እንዳለ ነው። አሁን ደግሞ ልጄ «የሀ ዋጋ 4 ምን? 4 ብር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ዋጋ»? እሱማ ከ«ወጋ» ነው፤ ገበያ ወጥቶ ያልተወጋ አለ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ኧረ በስመ አብ!