ጥቆማ፦ ፎቶ ለማሳተም የትኛው ይሻላል? ዲፒአይ እና ፒክስል ግራ ላጋባችሁ

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥቆማ ፈልጌ ነበር። የቤተሰብ ፎቶዎችን በፖስትካርድ መጠን፣ ማለትም 10 በ15 ሳንቲሜትር፣ አትሜ አልበም ልሠራ ነው። ጥቂቶቹን ደግሞ በኤ4 አሳትሜ ፍሬም ውስጥ አስገባቸዋለሁ። ሁለት ፕሪንተሮችን ሳወዳድር ግራ ገባኝ። አንዱ ኢንክጄት ነው፤ ካርቶኑ ላይ 4800 በ1200 ዲፒአይ ይላል። ሌላው ትንሽዬ የፎቶ ፕሪንተር ናት፤ 300 በ300 ብቻ ትላለች። የመጀመሪያው ያን ያህል ይበልጣል ማለት ነው? ኤ4ዎቹን ማተሚያ ቤት ልሰጥ ስጠይቅ ደግሞ «ፋይሉ 300 ዲፒአይ ይሁን» አሉኝ። የኔ ፎቶዎች ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሳያቸው 72 ይላሉ። ሁሉም ከጥቅም ውጭ ናቸው? የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።

መልስ

እህቴ፣ አንድም ፎቶ እንዳትጥዪ። 72 የሚለው ቁጥር ፎቶው ላይ የተለጠፈ ማስታወሻ ነው እንጂ ፎቶው አይደለም። እዚያው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስፋትና ቁመቱን እዪ። 4000 በ3000 ካለ ያለሽ ሀብት እሱ ነው፦ 12 ሚሊዮን ፒክስል። ማስታወሻው 72 ቢል፣ 300 ቢል፣ 1 ቢል አንድም ፒክስል አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ግራ የሚያጋባው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ፒክስል ፋይሉ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው፤ «እዚህ ቦታ ላይ ቀለሙ ይሄ ነው» የሚል። የራሱ ስፋት የለውም። ስልክሽ ላይ ከፀጉር ይቀጥናል፣ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ስትለቂው ደግሞ ቁጭ ብለሽ ልትቆጥሪው ትችያለሽ። ነጥብ ግን ፕሪንተሩ ወረቀት ላይ የሚያሳርፋት የቀለም ጠብታ ናት። ዲፒአይ ማሽኑ በአንድ ኢንች (2.54 ሳንቲሜትር) ውስጥ ስንት ጠብታ ማሳረፍ እንደሚችል ይናገራል። ፒፒአይ ደግሞ በዚያው አንድ ኢንች ውስጥ ስንት የፋይልሽ ፒክስሎች እንደሚያርፉ። ማተሚያ ቤቱ «300 ዲፒአይ» ሲልሽ ፒፒአይ ማለቱ ነው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው፣ እኔም ሳላስበው ይወጣኛል።

አሁን ወደ 4800ው። አራት ቀለም ያለው ኢንክጄት ውስጥ ቡናማ የሚባል ጠርሙስ የለም። ያለው ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር ነው። የአያትሽን ፊት ቡናማ ለማምጣት ማሽኑ የእነዚህን ቀለሞች ጠብታዎች ጎን ለጎን ይረጫል፣ ማዋሃዱን ለዓይንሽ ይተወዋል። ፎቶሽ በ300 ፒፒአይ ቢታተም ለእያንዳንዱ ፒክስል የሚደርሰው 16 በ4፣ ማለትም 64 የነጥብ ቦታ ነው። እነዚያ 64 ቦታዎች ተባብረው አንዲት ፒክስል ቀለሟን እንድታገኝ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ 4800 ማለት 4800 ፒክስል ያህል ዝርዝር ማለት አይደለም።

300 በ300 የምትለዋ ትንሽዬ ደግሞ፣ እንደገመትኩት ዳይ ሰብሊሜሽን ከሆነች፣ የምትሠራው በሌላ መንገድ ነው። ቀለሙ ሪባን ላይ ነው፤ ሙቀት ሲነካው ተንኖ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ ሲጨምር ቀለሙ ይደምቃል፣ ሲቀንስ ይፈዛል። ከዚህ ዓይነት ፕሪንተሮች ካኖን ሴልፊን ለምሳሌ ብትወስጂ፣ በእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ አላት። እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ራሱ አንድ ፒክስል ነው፣ ረዳት አያስፈልገውም። ወረቀቱ አራት ጊዜ ሲመላለስ ታያለሽ፤ ቢጫ፣ ማጀንታ፣ ሲያን፣ በመጨረሻም መከላከያ ሽፋን።

አንድ ጊዜ ያንኑ የልጅ ፎቶ በሦስት ዓይነት ማሽን አሳትሜ በማጉያ መነጽር አየሁት። በኢንክጄቱ ጉንጩ ላይ የተበተነ አሸዋ ይመስላል፤ ጥላ ያለበት ጋ ሰማያዊ ፍንጣቂ ሁሉ አለ። በሌዘሩ ነጥቦቹ በሰልፍ ቆመዋል፣ ሰልፉም ወደ ጎን ያዘመመ ነው። በዳይ ሰብሊሜሽኑ መነጽሩን ባስጠጋ ባርቅ ምንም ነጥብ የለም፣ ቀለሙ እንደ ወተት ፈስሷል። ካርቶን ላይ ትንሹ ቁጥር የተጻፈው ግን በሱ ነው!

ስለዚህ ለአልበሙ እኔ የምመርጥልሽ ትንሽዬዋን ነው። ጉድለቷ ከፖስትካርድ በላይ አለማተሟ ነው። ለኤ4 ሁለት መንገድ አለ። ቤት ውስጥ ማተም ከፈለግሽ ፈዛዛ ሲያንና ፈዛዛ ማጀንታ የተጨመሩለት ስድስት ቀለም ያለው የፎቶ ኢንክጄት ያዢ፤ ያ አሸዋ ፊት ላይ ይጠፋል። ወረቀቱ ደግሞ የፎቶ ወረቀት ይሁን፤ በተራ ወረቀት ላይ ጠብታው ስለሚሰራጭ 4800ውም 9600ውም ከንቱ ነው። ካልሆነ ለፎቶ ቤት ስጪ። ብርሃን በሚቀበል ወረቀት ላይ በሌዘር ብርሃን የሚያትሙት ቤቶች አሉ፤ እዚያም የቀለም ጠብታ የሚባል የለም፣ በ300 ፒፒአይ አካባቢ ይሠራሉ፣ ውጤቱ የጠራ ነው። ስትጠይቂ «ስንት ዲፒአይ ነው?» አትበዪ፤ «በምን ዓይነት ወረቀትና ማሽን ነው የምታትሙት?» በዪ።

ሌዘር ፕሪንተር ለጽሑፍ ተወዳዳሪ የለውም፣ ለፎቶ ግን አልመክርም። 600 ዲፒአይ ያለውን ውሰጂ። ግራጫ ለማውጣት ነጥቦቹን 8 በ8 እያደረገ ከቧደናቸው 65 የግራጫ ደረጃ ያገኛል፣ ነገር ግን በአንድ ኢንች ውስጥ የቀሩት 75 ቡድኖች ብቻ ናቸው። ጽሑፍ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ 600ውን ሙሉ ይጠቀምበታል። ፎቶ ሲመጣ ነው የሚጎድልበት።

ማተሚያ ቤቶች 300ን የሙጥኝ ያሉት ከዚሁ ነው። ጥሩ መጽሔት በአንድ ኢንች 150 መስመር ነጥብ ይታተማል፤ ለአንድ መስመር ሁለት ፒክስል ስጡ የሚል የቆየ ልማድ አለ፣ 300 ይሆናል። ስለዚህ ለኤ4 ሙሉ የሚያስፈልግሽ 2480 በ3508 ፒክስል ነው። የ12 ሚሊዮን ፒክስል ፎቶሽ ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 1654 በ2339፣ ማለትም 200 ፒፒአይ፣ እኔ በግሌ ይበቃል እላለሁ።

አስተያየት

ወንድሜ የጻፈው ልክ ነው። እኔ ግን ተሞኝቼበት ስለማውቅ ልጨምር። «300 ይሁን» ሲሉኝ ፎቶሾፕ ከፍቼ ኢሜጅ ሳይዝ ገባሁና 72ን አጥፍቼ 300 ጻፍኩ። «ሪሳምፕል» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳለ አላየሁም። 1280 በ960 የነበረው ፎቶ 5333 በ4000 ሆነ! ደስ ብሎኝ ላክሁት፣ እነሱም 300 ነው ብለው ተቀበሉኝ። ታትሞ ሲመጣ የሰዎቹ ፊት በሳሙና የታጠበ ይመስላል፤ ቅንድብ የለ፣ የዓይን ሽፋሽፍት የለ። ሶፍትዌሩ ያልነበሩ ፒክስሎችን ከጎረቤቶቻቸው ቀለም እየገመተ ነው የሞላው። ያንን ምልክት ካነሳሽ ፒክስሉ አይነካም፣ የሚለወጠው ማስታወሻውና የህትመቱ ስፋት ብቻ ነው።

መልስ

ይሄን ስላነሳህ ጥሩ ነው። ለጀማሪ ከፎቶሾፕ ይልቅ ጊምፕ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የምጠቁመው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን ሥራ በሁለት በር ለይቶታል፦ «ፕሪንት ሳይዝ» ማስታወሻውን ብቻ ይለውጣል፣ «ስኬል ኢሜጅ» ፒክስሎቹን ይነካል። ሳታውቂ አንዱን ከአንዱ አታደባልቂም። ሎጎ ወይም ጽሑፍ ካለሽ ደግሞ ወደ ፒክስል ባታመጪው ይመረጣል፤ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ በቬክተር፣ ማለትም በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ፣ ከሠራሽው የፈለግሽው ስፋት ላይ ይታተማል፣ ስለ ፒፒአይ የሚጠይቅሽም አይኖርም።

72 ከየት መጣ ለሚል፦ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ስክሪኑ በአንድ ኢንች 72 ፒክስል ነበረው፤ የአታሚዎች ፊደል መለኪያም አንድ ኢንች 72 ፖይንት ገደማ ስለሆነ ሁለቱ ገጠሙ። ስክሪኑ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፣ ቁጥሩ ግን ብዙ ካሜራዎች ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ጥያቄ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። የድሮ ኔጋቲቮችም አሉኝ፣ 35 ሚሊሜትር። ስካነር ላይስ የትኛውን ቁጥር ልመን?

መልስ

ስካነር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ «ዲፒአይ» ተብሎ የሚጻፈው ፒክስል ነው፤ ስካነር ቀለም አይረጭም፣ ናሙና ነው የሚወስደው። «ኦፕቲካል» ከሚለው፣ ማለትም ስካነሩ ራሱ ከሚያነበው፣ ውጭ ያለውን ቁጥር እለፊው፤ «ኢንተርፖሌትድ» የሚለው ቅድም የተባለው የሳሙናው ሥራ ነው። ኦፕቲካሉንም ቢሆን ሙሉ አትመኚው፤ ጠፍጣፋ ስካነሮች ካርቶናቸው ላይ ከተጻፈው በጣም ያነሰ ዝርዝር ነው የሚያወጡት።

ለኔጋቲቭ ዋናው ነገር ክዳኑ ውስጥ መብራት መኖሩ ነው። ኤፕሰን ቪ39 ቀጭንና ቀላል ነው፣ ለወረቀት ፎቶ ጥሩ ነው፣ ፊልም ግን አያነብም። ቪ600 መብራቱም የፊልም መያዣውም አለው፣ ለአንቺ እሱን ነው የምለው። ፊልሙን በ2400 ስካን አድርጊው፤ አንዱ ፍሬም 3400 በ2268 ፒክስል ገደማ ይሰጥሻል፣ ለኤ4 ሊበቃ ምንም አይቀረውም። ከዚያ በላይ ብታወጪው የሚያብጠው ፋይሉ ነው። የወረቀት ፎቶ ከሆነ 600 ይበቃል፣ አቧራውን ግን ቀድመሽ ጥረጊ።

አስተያየት

ካሜራ የምትገዙ ልብ በሉ። ከጀርባው ያለው ስክሪን «1.04 ሚሊዮን ነጥብ» ሲል ፒክስል አይደለም የቆጠሩት። 720 በ480 ስክሪን ነው፤ እያንዳንዱን ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብለው ለሦስት ቆጥረውታል። ፒክስሉ 345,600 ብቻ ነው። ቪውፋይንደር (ዓይን የሚጠጋበት መመልከቻ) ላይ 2.36 ሚሊዮን ካለም 1024 በ768 ነው። ሞኒተር ላይ ግን በፒክስል ነው የሚጽፉት፤ እዚያ ዲያጎናሉን፣ ማለትም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለውን ርዝመት፣ አትርሱ። 1920 በ1080 በ24 ኢንች ላይ 92 ፒፒአይ ነው፣ በ27 ኢንች ላይ 82። የተሻለ ጥራት ገዛሁ ብሎ የከሰረ ጓደኛ አለኝ።

መልስ

ትክክል። የማውስ ዲፒአይ ደግሞ ነጥብም ፒክስልም አይደለም፣ ያንን ሌላ ቀን።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ቁጥር ስሰማ አንድ ፎቶ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1957 ራስል ኪርሽ የሚባል የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ መሐንዲስ 5 በ5 ሳንቲሜትር የሆነች የሕፃን ልጁን ፎቶ ስካን አደረገ። 176 በ176 ፒክስል። በመጀመሪያ ስፋቷ ስትታተም 89 ፒፒአይ ናት። «300 ይሁን» ለሚል ማተሚያ ቤት ብትሰጪያት 1.5 ሳንቲሜትር ሆና የጥፍር ያህል ትመለስልሻለች። ያው ፎቶ፣ ያው ፒክስል።

ጥያቄ

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። አብዛኞቹ 4000 በ3000 ናቸው። አሥራ አንዱ ግን በቴሌግራም የተላኩልኝ ናቸው፣ 1280 በ960። እነሱን ልተዋቸው?

መልስ

አትተዪያቸው። 15 ሳንቲሜትር 5.9 ኢንች ነው፤ 1280ን ስታካፍዪው 217 ፒፒአይ ይሆናል። አልበም ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጪያቸው የሚለያቸው ሰው የለም። ቅርጻቸው ከፖስትካርዱ ጋር ስለማይገጥም ከቁመቱ አንድ ሳንቲሜትር ከምናምን ይቆረጣል፣ የቆመ ሰው ጭንቅላት እንዳይሄድ አስተካክለሽ ቁረጪ። ኤ4 ላይ ግን 109 ነው የሚደርሳቸው፤ እዚያ አልመክርም። ኤ4 የምትፈልጊያቸውን ለዪና የላኩልሽን ሰዎች ኦሪጅናሉን በድጋሚ ጠይቂያቸው፤ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» ብለው ይላኩልሽ፣ ቴሌግራም ያኔ አይነካውም።