መዥገር ነክሶኛል፤ "ላይም" የሚሉት በሽታ ይይዘኝ ይሆን?

ጠያቂ፦ የብርሃን ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት እናቴ አገር ከርሜ መጣሁ። ከደብረ ሲና ቁልቁል፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲጠጉ ያለ ገጠር ነው። ሁለቱን ቀን ጥጆች ሳባርር ዋልኩ። እሁድ ማታ እግሬን ስታጠብ ከጉልበቴ ጀርባ የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። ኪንታሮት መስሎኝ ነበር። በስልክ መብራት ሳየው እግር አለው! እናቴ ታፍኖ ይወድቃል ብላ ቅቤ ቀባችበት። ሰዓት ሙሉ ጠበቅን፣ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ በጥፍሯ ቆንጥራ ነቀለችው።

ቨርጂኒያ ላለች የአክስቴ ልጅ ስነግራት በስልክ ጮኸች። "ላይም ነው፣ ዛሬውኑ 200 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን ዋጪ" አለችኝ። ይህ በሽታ እኛ ጋ አለ? መድኃኒቱን ገዝቼ ልዋጥ? ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ቦታው ትንሽ ቀልቷል እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም።

መንዜው
እኛ መዥገር ስንነቅል ነው ያደግነው፣ ማንም አልሞተም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሁሉ ሐኪም ሆነ እኮ! ዝም ብለሽ ቡናሽን ጠጪ።

ጤና መኮንን
እህቴ፣ የአክስትሽ ልጅ የነገረችሽ ለራሷ ሰፈር ልክ ነው። ላይም በብዛት ያለው በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ነው። ስሙንም ያገኘው አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ ካለች ላይም ከምትባል ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ እዚያ የብዙ ልጆች ጉልበት ሲያብጥ ነው ነገሩ የተነሳው። ባክቴሪያውን የሚያስተላልፉት አይክሶደስ የሚባሉ የተወሰኑ መዥገሮች ናቸው። እዚያ አገር እንዲህ ዓይነቱ መዥገር ረዘም ላለ ጊዜ ተጣብቆ ከተገኘ፣ ከተነቀለ በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ የሚዋጥ 200 ሚሊ ግራም ለመከላከያ ይሰጣል። እኛ አገር ላይም የተለመደ በሽታ ስላልሆነ ለዚያ ብለሽ አትዋጪ። ደግሞም 72 ሰዓቱ አልፎሻል።

መንዜው ግን "ምንም የለም" ሲል ተሳስቷል። እኛም የራሳችን አለን። የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት ይባላል። ሳምንት ገደማ ቆይቶ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ይመጣል፣ የተነከሰው ቦታ መሐሉ የጠቆረ ቅርፊት ያወጣል፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል። ስንቱ በታይፎይድ ስም ታክሟል መሰለሽ!

አንድ የሚገርመኝን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1982 የላይምን ባክቴሪያ ያሳወቀው ቪሊ ቡርግዶርፈር ከዚያ በፊት የኢትዮጵያን መዥገሮች መርምሮ ነበር። ይፈልግ የነበረው የተስቦን ተህዋስ ነው። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ወጥቷል።

እንስሳ ሐኪም
የመዥገሩ መልክ ትዝ ይልሻል? ቀይ እግር ያለው ትንሹ፣ በግ ጭራ ሥር የሚሰገሰገው ነው? ወይስ ጀርባው ቢጫ ብርቱካናማ ጌጥ ያለበት፣ እግሩ ነጭ ቀለበት የሚመስለው? ሁለተኛው ከሆነ ጤና መኮንኑ ያለው በሽታ ዋና አስተላላፊ እሱ ነው። አፉ ረጅም ስለሆነ ሲነቀልም ያማል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ደጋ ሳይሆን ወደ ቆላው ነው የሚበዛው።

ሌላም ነገር፦ ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን ሰውነታቸው ላይ የሚቀቡ ሰዎች አይቻለሁ። መርዝ ነው! ለሰው አይሆንም።

የብርሃን ልጅ
ጌጥ ነበረው! እናቴ "ሽቅርቅሩ" እያለች ስትስቅበት ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርቶ ቢሆንስ?

ጤና መኮንን
ትንሽ የአፉ ስባሪ ቢቀር በመርፌ አትቆፍሪው። በሳሙናና በውኃ እጠቢው፣ ቆዳሽ ራሱ ይገፋዋል። ለወደፊቱ ግን ቅቤም፣ ናፍጣም፣ ክብሪትም ይቅር። መዥገሩ ሲጨነቅ ሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊመልሰው ይችላል። በጥፍር ሲጨመቅም እንደዚያው ነው። በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጥግ፣ አፉ ጋ ይዞ ሳያጣምሙ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው።

እማማ ዘነቡ
ልጄ፣ ይኼው እኮ ነው! የኔ አባት አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ወረንጦ ነበረችው። እሾህም መዥገርም በሷ ነበር የሚነቅለው። ከላም የነቀለውን ደግሞ ለዶሮ ይወረውራል፣ ዶሮዋም ካጠገቡ አትጠፋም። ዛሬ ወረንጦ ያለው ሰው ጠፋና ሁሉም በጥፍሩ ሆነ።

ሜሪላንድ
እኔ እውነተኛው ላይም ይዞኝ ያውቃል። የነከሰኝን እንኳ አላየሁትም፤ ልጅ እግሩ መዥገር የጤፍ ፍሬ ያህላል፣ ትልቁ ቢበዛ ሰሊጥ ነው። ከዐሥር ቀን በኋላ ጭኔ ላይ ቀይ ክብ ወጣ። አያሳክክም፣ አያምም፣ በየቀኑ ግን ይሰፋል። መዳፌን አከለ። ድካሙ ግን አይጣል ነው፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። የ14 ቀን ዶክሲሳይክሊን ወስጄ ዳንኩ። ችላ ያሉት ሰዎች ፊታቸው በአንድ ጎን ሲጣመም፣ ጉልበታቸው ሲያብጥ አይቻለሁ። የአክስትሽን ልጅ አትቀየሚያት፣ እዚህ ሰው የሚጮኸው በምክንያት ነው።

ጤና መኮንን
አንድ የረሳሁት፦ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ወባ አለ። ትኩሳት ከመጣ መጀመሪያ የወባ ምርመራ። መዥገር የነከሰሽ መሆኑን ደግሞ ሳትጠየቂ ተናገሪ።

የብርሃን ልጅ (ከስድስት ቀን በኋላ)
የተባለው ሁሉ መጣ። በሰባተኛው ቀን ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት። ክሊኒክ ስሄድ የወባው ምርመራ ነፃ ሆነ። "እንግዲህ ታይፎይድ ይሆናል" ብለው ሊጽፉልኝ ሲሉ ሱሪዬን ሰብስቤ ቅርፊቱን አሳየኋቸው። ሲጋራ የተተረኮሰበት ነው የሚመስለው። ሐኪሙ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ አየውና ወረቀቱን ቀደደ። ዶክሲሳይክሊን አዘዘልኝ፣ እርጉዝ አለመሆኔንም ጠየቀኝ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ።

ገበያ ወጥቼ ወረንጦ ገዛሁ። እናቴ ግን ወስዳዋለች፣ ላሟ ላይ ልሞክረው ብላ።