ጊታሬን ወደ ሲ ዝቅ አድርጌ ስቃኘው ይልፈሰፈሳል፤ ለዱም ሜታል መጀመሪያ ምን ልግዛ?

ቀስ በቀስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ሮክና ብሉዝ ነበር የምጫወተው። አሁን ጆሮዬን የያዘው ዱም ሜታል ነው። በዝግታ የሚሄድ፣ የሚከብድ፣ ደረት ድረስ የሚሰማ ድምፅ። ማዳመጥ ብቻ አልበቃኝም፤ በራሴ እጅ ማውጣት እፈልጋለሁ።

ያለኝ ዕቃ ይሄ ነው። ጊታሬ የስትራቶካስተር ዓይነት ነው፤ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚይዝ ባለ አንድ ጥቅል ማግኔት) እና ተንሳፋፊ ብሪጅ (በስፕሪንግ የተያዘ የክር ማሰሪያ) አለው። የክሩ ውፍረት ከ10 እስከ 46 ነው (በሺኛ ኢንች)። አምፑ 20 ዋት ትራንዚስተር፣ ስፒከሩ 8 ኢንች። አንድ ዲስቶርሽን ፔዳልም አለኝ።

ሁሉንም ክር አራት ግማሽ ድምፅ አውርጄ ወደ ሲ ስቃኝ ክሮቹ ይላላሉ፤ ፍሬቱን እየነኩ ይንጣጣሉ። ጠንከር አድርጌ ስመታ ከቅኝት ይወጣል። ድምፁ እንዲከብድ ብዬ ጌይኑን (የዲስቶርሽኑን መጠን) እና ቤዙን እስከ መጨረሻ ሳዞር ደግሞ ሁሉም ይደበላለቃል፤ የትኛው ኖታ እንደሆነ እንኳ አይለይም።

አሁን መግዛት የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዱ ኦሬንጅ አምፕ ግዢ ይለኛል፣ ሌላው ቢግ መፍ ፔዳል፣ ሌላው ጊታሩን ቀይሪ። እናንተ ብትሆኑ ከምን ትጀምራላችሁ?

ባለክሩ

እህቴ፣ ገንዘብሽን ለጊዜው ያዢው። መጀመሪያ የሚቀየረው ክሩ ነው። እሱም ከሁሉም ርካሹ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይሽ። የክር ውጥረት የሚሄደው ከድምፁ ድግግሞሽ ካሬ ጋር ነው። ወፍራሙ የኢ ክር 82.4 ኸርዝ ነው። ወደ ሲ ስታወርጂው 65.4 ኸርዝ ይሆናል። ያው ክር፣ ያው ጊታር፣ ግን ውጥረቱ ከነበረው 63 በመቶ ገደማ ብቻ ቀረ። ከሲሶ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ቢንጣጣና ከቅኝት ቢወጣ አይገርምም።

ያንን ውጥረት ለመመለስ የክሩን ውፍረት በ1.26 ማባዛት ነው። 46 የነበረው ወደ 58 ይጠጋል፤ 10 የነበረው 12 ተኩል ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከ12 እስከ 56 ወይም ከ12 እስከ 60 የሚሉትን ፈልጊ። ወደ ቢ ወይም ወደ ኤ መውረድ ካማረሽ ደግሞ ከዚያም የወፈረ ያስፈልጋል።

ጊታርሽን አትቀይሪ። የስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር የክር ርዝመቱ 25.5 ኢንች ነው፤ 648 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። የጊብሰኖቹ 24.75 ኢንች ነው። ክርና ቅኝት እኩል ሆኖ ያንቺው ላይ ውጥረቱ 6 በመቶ ያህል ይበልጣል። ለዝቅተኛ ቅኝት ይሄ ጥቅም ነው።

ክሩን ስትቀይሪ ግን ሦስት ነገር ተመልከቺ። አንደኛ ነቱ፤ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት ባለቦይ ቁራጭ። ወፍራሙ ክር በቦዩ ውስጥ በደንብ ካልተቀመጠ ቦዩ በስሱ መሞረድ አለበት። ከመጠን በላይ ከተሞረደ መመለሻ የለውም፤ እጅሽ ካልለመደ ለሚያውቅ ሰው ስጪው። ሁለተኛ ብሪጁ። አዲሱ ክር በሲ ላይ የሚያሳርፈው ውጥረት የድሮው በኢ ላይ ከሚያሳርፈው ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ አይናወጥም። ማንሻውን የማትጠቀሚ ከሆነ ግን ከኋላ በኩል ትንሽ እንጨት አስገብተሽ ብታስሪው እረፍት ታገኛለሽ። ሦስተኛ ኢንቶኔሽን፤ አንገቱ ላይ ሁሉ ክሩ ከቅኝት እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ወፍራም ክር ብሪጁ ላይ የሚያርፍበትን ሰድል ወደ ኋላ መሳብ ይፈልጋል። ባዶውን ክርና 12ኛውን ፍሬት በቱነር እያነጻጸርሽ አስተካክይ። ይሄን ሳታደርጊ ስለ ፔዳል ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ሪፍ ሰብሳቢ

ባለክሩ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልቃወም። ይሄን ሙዚቃ የጀመረው ሰው በቀጭን ክር ነው የተጫወተው።

ታሪኩን ለማታውቁት፦ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫነው በዚያው እጁ ነው። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቆብ ሠርቶ ጣቶቹ ላይ አደረገ። ጣቱን እንዳያመው ክሩን አቀጠነ፤ የባንጆ ክር ሁሉ ጊታር ላይ አስሯል። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ላይ ደግሞ ቅኝቱን ወደ ሲ ሻርፕ አወረደው። የላላ ክር፣ ቀላል ጣት፣ ከባድ ድምፅ። ዱም የተወለደው ከዚያ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ክሩን ቀይሪ፤ እጅሽንም አብረሽ ለውጪ። ፒኩን በኃይል አትምቺ። አንድ ጊዜ ምቺና ኖታው ራሱ እስኪሞት ተይው። ዱም ውስጥ ዝምታው ራሱ የሪፉ አካል ነው።

ባለክሩ

ልክ ነህ፣ እጁ ለስላሳ ለሆነ ሰው ቀጭኑም ይሠራል። እሷ ግን ጠንከር አድርጌ ስመታ ከቅኝት ይወጣል ስላለች ነው ወፍራሙን የመከርኳት። ደግሞም አዮሚ የወረደው ሦስት ግማሽ ድምፅ ነው፤ እሷ አራት።

ፋዝ ወዳጅ

ክሩ ላይ ሁላችንም ተስማምተናል። አሁን ወደ ፔዳሉ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ነው።

ቢግ መፍ ድንቅ የፋዝ ፔዳል ነው፤ ፋዝ ድምፁን ሻካራና ወፍራም የሚያደርግ የዲስቶርሽን ዓይነት ነው። ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ የሚባለው ድርጅት መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ ነው። አረንጓዴውን የሩሲያ ዓይነት ዱም የሚወድ ሁሉ ይፈልገው ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2017 በትንሽ ሳጥን እንደገና አወጡት። ግን ጠባዩን ማወቅ አለብሽ። ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) ይበላዋል። ቤት ውስጥ ለብቻሽ ስትጫወቺ ግዙፍ ይመስላል፤ ድራምና ቤዝ ሲገቡ ጊታርሽ ይጠፋል። ስለዚህ አምፑ ላይ ሚዱን ከፍ ማድረግ ግድ ነው።

ሌላው በዱም ሰዎች ዘንድ ስሙ የሚነሳው ቦስ ኤፍ ዚ 2 ነው። ማምረት ካቆሙ ስለቆዩ ተወዷል። የቤሪንገር ኤስ ኤፍ 300 የተሠራው የእሱን ሰርኪውት ተከትሎ ነው። ሳጥኑ ፕላስቲክ ነው፤ በጫማ አትርገጪው፤ ድምፁ ግን የሚያኮራ ነው። ፕሮኮ ራትም አለ። ሰን ኦ የሚባለው የዱም ባንድ ሰዎች ለዓመታት የተማመኑበት እሱን ነው። ከፋዝ ይልቅ ጠበቅ ያለ ስለሆነ ኖታው ይለያል።

ዋናው ምክሬ ግን ሳትገዢ የምትሞክሪው ነው። አዮሚ መጀመሪያ ላይ በሌኒ አምፑ ፊት ያስቀመጠው ዕቃ ሬንጅማስተር የሚባል ትሬብል ማጉያ ነበር። ትሬብል! ያ ሁሉ ክብደት የመጣው አምፑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ነው። ወፍራም ድምፅ ቀድሞ ወደ ዲስቶርሽን ከገባ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። መጀመሪያ ቀንሺው፤ ከዲስቶርሽኑ በኋላ መልሰሽ ጨምሪው።

ዛሬ ማታ ይሄን ሞክሪ። የፔዳልሽን ጌይን ወደ ግማሽ አውርጂ። የአምፑን ቤዝ ወደ 4፣ ሚዱን ወደ 7። ጌይን ሲበዛ የመምቻው ኃይል ይጠፋል፤ ዱም ደግሞ ያለዚያ ምት ዱም አይደለም። ኮርድም ስትይዢ ሩቱን (መነሻውን ኖታ) እና አምስተኛውን ብቻ ያዢ። በዚህ ቅኝት ላይ ሦስተኛው ሲገባ ይጋጫል።

የድሮ ቴክኒሻን

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። እኔ ስለ አምፑ ብቻ ልናገር።

20 ዋት አነሰኝ አትበዪ። ከ20 ወደ 100 ዋት ብትሄጂ ልዩነቱ 7 ዴሲቤል ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ ይፈልጋል። የዋቱ ትርፍ ድምፁ ሳይሰባበር ወፍራሙን ኖታ መሸከሙ ላይ ነው። ያንቺ ችግር ስፒከሩ ነው። 8 ኢንች ስፒከር በትንሽ ሳጥን ውስጥ 65 ኸርዝ ማውጣት አይችልም። የፈለግሽውን ፔዳል ብትሰኪበት ያው ነው። 12 ኢንች ስፒከር ያለው ካቢኔት፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ከየትኛውም ፔዳል በፊት ይቀድማል።

ኦሬንጅ ግዢ ያሉሽን እረዳቸዋለሁ። ክሊፍ ኩፐር ኦሬንጅን እ.ኤ.አ. በ1968 ለንደን ላይ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን አምፖች የሠራለት ሃደርስፊልድ ያለው ማት ማቲያስ ነበር። ማታምፕ የሚባለው ስም ከእሱ ነው። ሁለቱም ስሞች ዛሬም በዱም ሰዎች ዘንድ ይከበራሉ። ሰን የሚባለው አምፕም እንዲሁ። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ሁለት የሰንድሆልም ወንድማማቾች ናቸው ያቋቋሙት፤ አንዱ ኪንግስመን ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበርና መድረክ ላይ የሚበቃ ድምፅ አጥቶ ነው ነገሩ የተጀመረው። ሰን ኦ ባንዱም ስሙን የወሰደው ከዚያ አምፕ ነው። እነዚህ ታላላቅ ዕቃዎች ናቸው። ግን በኃይለኛ ድምፅ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው፤ በመኝታ ቤት ድምፅ ጠባያቸው አይወጣም።

ወደፊት የቲዩብ አምፕ ከገዛሽ ስፒከር ሳይሰካ በፍጹም አታብሪው፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ክዳኑንም አትክፈቺ። ከመሰኪያው ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሮቹ ውስጥ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይቆያል።

ስለ ጆሮሽም እለምንሻለሁ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ባንድ ጋር ስትለማመጂ የጆሮ መከላከያ አድርጊ።

ቀስ በቀስ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ በጣም ነው የማመሰግነው። አምፔ ከኋላው የውጭ ስፒከር መሰኪያ አለው፤ ቢያንስ 8 ኦም ይላል። አንድ ጓደኛዬ ባለ 12 ኢንች ካቢኔት ሊያውሰኝ ይችላል፤ የእሱ ግን 16 ኦም ነው። ማገናኘት እችላለሁ?

ፋዝ ወዳጅ፣ ቤዙን ቀንሼ ሚዱን ጨምሬ ሞከርኩት። በዚሁ በላላው ክር እንኳ ኖታው መለየት ጀመረ። ሌላ ጥያቄ ደግሞ፦ ፋዝ ስጨምር ሲንግል ኮይሉ እዝ እያለ በኃይል ይጮኻል። ምን ላድርግ?

የድሮ ቴክኒሻን

ትችያለሽ። ያንቺው ትራንዚስተር ስለሆነ ኦሙ ከተጻፈው ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ከተጻፈው ካነሰ ነው የሚያበላሸው። ኃይሉ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ እሱም 3 ዴሲቤል ነው። ትልቁ ስፒከር ያንን ሊያካክሰው ይችላል። ገመዱ ግን የስፒከር ገመድ ይሁን። የጊታር ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ፋዝ ወዳጅ

ለጩኸቱ፦ የመሃሉ ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠቀለለ ከሆነ ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ የሚሠራበትን ቦታ ምረጪ፤ አብዛኛው ጩኸት ይጠፋል። በዚያ ካልጠፋ በሲንግል ኮይል መጠን የተሠራ ሀምበከር (ጩኸቱን የሚያጠፋ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) አለ፤ እንጨቱን ሳትቆርጪ ይገባል። ኖይዝ ጌት (ድምፁ ሲያንስ የሚዘጋ ዕቃ) አልመክርሽም። ረጅሙን ኖታ ሳይሞት ይቆርጠዋል።

ቤዝ መቺዋ

አንድ ነገር ከእኛም ወገን ይሰማ። ባንድ ውስጥ ስትገቢ የታችኛውን ድምፅ ለቤዙ ልቀቂለት። ጊታሪስቱ ቤዙን ሲቀንስ ባንዱ በሙሉ ይከብዳል። ቤል ዊች የሚባለውን ባንድ ስሚ። እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ሥራ 83 ደቂቃ የሚሄድ አንድ ዜማ ነው፤ ጊታሪስት የላቸውም፤ ቤዝና ድራም ናቸው።

ቀስ በቀስ (ጠያቂ)

እሱን ሰምቼዋለሁ፤ አልቅሻለሁም። ግን ይሄ ሙዚቃ አሁን ለምን እንዲህ እየሰፋ መጣ?

ሪፍ ሰብሳቢ

በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ ሴንት ቫይተስና ትራብል የሚባሉ ባንዶች፣ ከስዊድን ደግሞ ካንድልማስ፣ ሁሉም ሰው ፍጥነት ሲያሳድድ በዝግታ ቀጠሉ። አድማጩ ጥቂት ነበር። ኔዘርላንድስ ውስጥ የሮድበርን ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀመረ፤ በ2012 ደግሞ ዴዘርትፌስት ለንደንና በርሊን ላይ። እነዚህ መድረኮች የተበታተነውን አድማጭ አንድ ቦታ አገናኙት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2025 ላይ ብላክ ሳባዝ በትውልድ ከተማቸው በርሚንግሃም ሲሰናበቱ፣ በዚያው ወር ዘፋኛቸው ኦዚ ኦዝበርን ሲያርፍ፣ ብዙ ወጣት ወደ ምንጩ ተመልሶ አዳመጠ።

የኔን እምነት ከጠየቅሽኝ ግን ሌላም አለ። ይሄ ሙዚቃ ሐዘንን አያቻኩልም። ሰው የከበደውን ነገር በከበደበት ልክ የሚያሰማለት ሲያገኝ አይለቀውም። ለጀማሪ ጊታሪስትም በሩ ክፍት ነው፤ በአራት ኖታ ዘፈን ይሠራል። አራቱን ኖታ ማሳመር ነው ዕድሜ የሚወስደው።

ቀስ በቀስ (ጠያቂ)

እሺ፣ ወስኛለሁ። ከ12 እስከ 60 ክር እገዛለሁ፤ ነቱን ለባለሙያ እሰጣለሁ፤ ካቢኔቱን እዋሳለሁ። የተረፈውን ገንዘብ ለፔዳል አስቀምጣለሁ። ባለክሩ፣ ክሩን ስቀይር ሁሉንም አንድ ላይ ላውልቅ?

ባለክሩ

ተንሳፋፊ ብሪጅ ስለሆነ አንድ በአንድ ቀይሪ። ሁሉም ከታሰረ በኋላ ወደ ሲ ቃኝተሽ አንድ ሌሊት ተይው፤ አንገቱ ይረጋጋል። ጠዋት እንደገና ቃኚ፤ አንገቱ ከጎበጠ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት) ሩብ ዙር ብቻ አዙሪ። ኢንቶኔሽኑን የመጨረሻ አድርጊው።