ስለ ደስታና መልካምነት ጆን ስቱዋርት ሚል ያቀረበው ክርክር የአመክንዮ ስሕተት አለበት?

ጥያቄ፦
እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1861 ባሳተመው «ዩቲሊታሪያኒዝም» (ትክክለኛ ድርጊት የሁሉንም ደስታ ይበልጥ የሚያበዛው ነው የሚለው አስተሳሰብ) በተሰኘው ሥራው አራተኛ ምዕራፍ ላይ፣ አንድ ነገር የሚታይ ለመሆኑ ማስረጃው ሰዎች ማየታቸው እንደሆነ ሁሉ፣ ተፈላጊ ለመሆኑም ማስረጃው ሰዎች መፈለጋቸው ነው ይላል። ቀጥሎም የእያንዳንዱ ሰው ደስታ ለራሱ መልካም ስለሆነ የሁሉም ደስታ ለሁሉም መልካም ነው ብሎ ይደመድማል። የመጀመሪያው እርምጃ የሚፈለገውን ሊፈለግ ከሚገባው ጋር ያምታታል፤ ሁለተኛው የክፍሎችን ባሕርይ ለጠቅላላው ያወርሳል። በ1843 ስለ አመክንዮ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ የጻፈ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት እንዴት ይሠራል?

መልስ 1፦
የመጀመሪያውን ክስ በሰፊው ያስተጋባው ፈላስፋው ጂ. ኢ. ሙር በ1903 ነው። ነገር ግን ሚል በዚያው ምዕራፍ መግቢያ ላይ፣ የመጨረሻ ግቦች በተለመደው መንገድ ሊረጋገጡ እንደማይችሉ አስቀድሞ ተናግሯል። ስለዚህ ፍላጎትን ያቀረበው እንደ ምስክር እንጂ መደምደሚያው በግድ እንደሚከተልበት መነሻ ሐሳብ አይደለም። ምስክር ሊሳሳት ይችላል፤ ሌላ ምስክር ከሌለ ግን እሱን መስማት የአመክንዮ ስሕተት አይባልም።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ከባዱ ሁለተኛው ነው። ሚል በ1868 በጻፈው ደብዳቤ፣ የአንዱ ደስታ ለሌላው ሁሉ መልካም ነው ማለቱ እንዳልሆነ፣ የ«ሀ»፣ የ«ለ» እና የ«ሐ» ደስታ እያንዳንዱ መልካም ከሆነ ድምሩም መልካም መሆን አለበት ማለቱ እንደሆነ አብራርቷል። ከክፍል ወደ ድምር መሻገር ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፦ አሥር ባለ 50 ኪሎ ጆንያዎች በአንድነት 500 ኪሎ ይመዝናሉ፤ እያንዳንዱን አንድ ሰው ስለተሸከመው ግን አሥሩንም አንድ ሰው ይሸከማል አይባልም። ታዲያ መልካምነት እንደ ክብደት የሚደመር ነው? ሚል ይህን እንደ ግልጽ ነገር ወስዶት አልፏል። ድምሩ መልካም ነው ቢባል እንኳ፣ እኔ ለራሴ ብቻ የማስበው ሰው ስለ ድምሩ ለምን እንደምጨነቅ ክርክሩ አይነግረኝም። ፈላስፋው ሄንሪ ሲጅዊክ በ1874 ክፍተቱን የሞላው የአንዱ ሰው ደስታ ከሌላው አይበልጥም በሚል፣ ያለ ማስረጃ በቀጥታ በአእምሮ በሚታወቅ መርሕ ነው፤ ይህ ደግሞ ሚል ራሱ ዕድሜ ልኩን የተቃወመው ዘዴ መሆኑ ያስገርማል።

መልስ 3፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት ሦስተኛው እርምጃ ይብሳል ባይ ነኝ። ሚል ከደስታ በቀር በራሱ የሚፈለግ ነገር የለም ይላል፤ ገንዘብን ለራሱ ሲል ስለሚወድ ሰው ሲጠየቅም፣ ገንዘቡ የደስታው አካል ሆኗል ብሎ ይመልሳል። በዚህ አካሄድ ለራሱ ሲባል የሚፈለግ ማንኛውም ነገር ወዲያውኑ የደስታ አካል ይባላል፤ እንግዲያስ አባባሉን ሐሰት ሊያደርገው የሚችለው የትኛው ፍላጎት ነው?