ቦቢ ዱፒ አባቱ ፊት ያለቀሰው ከልቡ ነው? (ፋይቭ ኢዚ ፒስስ)

የቅዳሜ ማታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ቤት ቅዳሜ ማታ የድሮ ፊልም ማየት ልማድ ነው፤ እኔ፣ ታላቅ እህቴና ሁለት ጓደኞቼ እንሰበሰባለን። ባለፈው ተራው የእኔ ስለነበር «ፋይቭ ኢዚ ፒስስ»ን መረጥኩ። ቦብ ራፈልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው፣ ጃክ ኒኮልሰን የተወነበት ነው። ፊልሙ አልቆ ክርክሩ አላለቀም። አንዱ ጓደኛዬ «ሰውዬው ምን ጎድሎበት ነው?» እያለ ተናደደ። ሌላኛው ደግሞ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሰው በፊልም አይቼ አላውቅም ይላል። እህቴ መጨረሻው ላይ ተነስታ ወጣች።

ላላያችሁት ባጭሩ፦ ቦቢ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤከርስፊልድ አካባቢ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ የሚሠራ የጉልበት ሠራተኛ ነው። ይጠጣል፣ ቦውሊንግ ይጫወታል፣ ሬየት ከምትባል አስተናጋጅ ጋር እየኖረ ከሌሎች ሴቶች ጋርም ይሄዳል። የሙዚቀኞች ቤተሰብ ልጅ እንደሆነ፣ ፒያኖ እየተማረ እንዳደገ የምናውቀው ቆይተን ነው። አባቱ መታመሙን ሲሰማ ሬየትን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቤተሰቡ ቤት ይነዳል።

ጥያቄዬ አንድ ትዕይንት ላይ ነው። አባትየው በስትሮክ ምክንያት መናገር አይችልም። ቦቢ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋ ወደ ሜዳ ያወጣዋል፣ በርዶት እንደሆነ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ማውራት ይጀምራል። ከቦታ ቦታ የሚዞረው የሚፈልገው ነገር ኖሮ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም እሱ ከቆየ ነገሮች ስለሚበላሹ እንደሆነ ይነግረዋል። እንዲህ እያለ እንባው ያሸንፈዋል። ለእኔ የፊልሙ ልብ እዚያ ነው፤ መልስ ሊሰጠው የማይችል ሰው ፊት ካልሆነ እውነት መናገር የማይችል ሰው አየሁ። ግን ብዙም ሳይቆይ ሬየትን ነዳጅ ማደያ ጥሏት ይሄዳል። እንግዲያ ያ ሁሉ ለቅሶ ምኑን ለወጠው? እናንተ እንዴት አያችሁት?

አስተናጋጅ ነበርኩ፦
እህትህ ልክ ናት። እኔ አሜሪካ እንደመጣሁ ለዓመታት የሠራሁት መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ፊልም ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ቦቢ ከአስተናጋጇ ጋር በሚጣላበት ቦታ ነው። ቶስት (የተጠበሰ ዳቦ) ለብቻው አይሸጥም ስትለው፣ የዶሮ ሳላድ ሳንድዊች አዝዞ ዶሮውን፣ ቅቤውን፣ ሰላጣውን እያስቀነሰ ዳቦው ብቻ እንዲመጣለት ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ብርጭቆውን ሁሉ ከጠረጴዛው ላይ ጠርጎ ይጥለዋል። ተመልካቹ ያጨበጭባል። ሴትዮዋ ግን ደንቡን አላወጣችም። ደንቡን ያወጣው ባለቤቱ ነው፣ እሱ ደግሞ እዚያ የለም። ስብርባሪውን ከመሬት የምትለቅመው እሷ ናት። አጠገቡ የተቀመጠችው ሬየትም አስተናጋጅ መሆኗን ማንም አያነሳም፤ እሷ ያን ሰዓት ምን ተሰምቷት ይሆን?

ለቅሶው ከልቡ ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። ግን በዕድሜዬ ከልባቸው አልቅሰው በማግስቱ የሄዱ ወንዶች አይቻለሁ። ሬየትን የሠራችው ካረን ብላክ ለኦስካር መታጨቷ ሲያንሳት ነው። ሬየት እንደ ሞኝ ተሳለች የሚሉ አሉ፤ እኔ የማያት እዚያ ቤት ውስጥ ፍቅሯን ሳትደብቅ የምትናገር ብቸኛ ሰው አድርጌ ነው።

ፒያኖ አስተማሪ፦
ጠያቂው ስለ ለቅሶው ነው የጠየቀው፣ እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቦቢ ለወንድሙ እጮኛ ለካትሪን የሙዚቃ ደራሲውን የሾፐንን የኢ ማይነር ፕሪሉድ (አጭር የፒያኖ ቁራጭ) ይጫወትላታል። እሷ ልቧ ተነክቶ ስትነግረው፣ የመረጠው ከሁሉ ቀላሉን እንደሆነ፣ በስምንት ዓመቱ ከአሁን የተሻለ ይጫወተው እንደነበር፣ ሲጫወትም ምንም እንዳልተሰማው ይመልስላታል።

ይህን ቁራጭ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ለጣት ቀላል መሆኑ እውነት ነው። ግራ እጅ ተመሳሳይ ኮርዶችን (በአንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን) ይደጋግማል፣ ኮርዶቹ ቀስ በቀስ ወደታች ይወርዳሉ፤ የቀኝ እጁ ዜማ ከቦታው ብዙም አይንቀሳቀስም። ከባዱ ነገር እያንዳንዱ መውረድ እንዲሰማ አድርጎ መጫወት ነው። ቦቢ ሲጫወት ካሜራውን ተከተሉት፤ እጁ ላይ አይቆይም፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት የቤተሰቡ ፎቶዎች ቀስ እያለ ይሄዳል። አልተሰማኝም ያለው ሰው የሚዋሽ ይመስለኛል፣ ካሜራው አጋልጦታል። ስለዚህ አባቱ ፊት የፈሰሰው እንባ ከየት መጣ አልልም፤ ፒያኖው ላይም ነበር።

መጀመሪያ አካባቢ ያለውንም አትርሱ። መንገድ ተዘጋግቶ መኪና ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ጭነት መኪና ላይ የተጫነ አሮጌ ፒያኖ አይቶ ዘሎ ይወጣና ይጫወታል። መኪናው አውራ ጎዳናውን ለቆ ይዞት ሲሄድም አያቆምም። ማንም ሳይገመግመው የሚጫወተው እዚያ ብቻ ነው።

ሲያትል ነኝ፦
እኔ ለቦቢ ጠበቃ ነኝ። የምኖረው ከፒዩጀት ሳውንድ፣ ሲያትል ካለችበት የባሕር ወሽመጥ፣ ዳር ነው፤ የቤተሰቡ ቤት ያለው እዚሁ ውኃ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ነው። እዚያ የሚደረሰው በጀልባ ነው፣ አየሩ ዝናባማና ግራጫ ነው። ፊልም አንሺው ላዝሎ ኮቫክስ የቤከርስፊልድን አቧራና ፀሐይ ካሳየን በኋላ እዚህ ሲያመጣን፣ ሁሉ ነገር ጸጥ ያለና እርጥብ ይሆናል። ውብ ነው፣ ግን አየር ያጥራል። ሰውየው ከምን እንደሸሸ የገባኝ ያኔ ነው።

ሙሉ ስሙን ልብ በሉ፦ ሮበርት ኢሮይካ ዱፒ። ወንድሙ ካርል ፊደሊዮ፣ እህቱ ፓርቲታ። ሦስቱም በሙዚቃ ሥራዎች ስም የተጠሩ ናቸው። ገና በሕፃንነትህ ምን እንደምትሆን ተወስኖልሃል። እዚህ አገር ዶክተር እንዲሆኑ ገና ሲወለዱ የተወሰነላቸውን የእኛን ልጆች አያለሁ፤ አንዳንዶቹ ለአባታቸው ስልክ አያነሱም።

ደግሞም ጨካኝ ብቻ አይደለም። ወደ ቤተሰቡ ቤት የመጣች አንዲት የተማረች እንግዳ ሬየትን ዝቅ አድርጋ ስትናገር በቁጣ የተነሳው እሱ ነው።

አስተናጋጅ ነበርኩ፦
ወንድሜ፣ የተነሳላትማ ሰው ፊት ነው። ከዚያ በፊት ሞቴል ውስጥ ትቷት ወደ ቤተሰቡ ብቻውን የሄደው ማን ነው? ገንዘቧ ሲያልቅ ራሷ ፈልጋው መጣች። አፍሮባት ነበር። በአባት ጫና ማደግ አስተናጋጅ ላይ ብርጭቆ ለመስበር ፈቃድ አይሰጥም።

የቅዳሜ ማታ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እህቴም አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው።

ስለ ምግብ ቤቱ፦ ስክሪፕቱን የጻፈችው ሴት ናት፤ ካሮል ኢስትማን፣ በፊልሙ ላይ ኤድሪየን ጆይስ በሚል የብዕር ስም። ከዚያ ትዕይንት ቀጥሎ መኪና ውስጥ አብራቸው የምትጓዘው ሴት ስታደንቀው፣ ቶስቱን እኮ አላገኘሁም ብሎ ይመልስላታል። ፊልሙ ድል አድርጎ ያቀረበው አይመስለኝም፤ ድል ያደረገው አጨብጫቢው ነው። ስለ ብርጭቆው ግን፣ አስተናጋጅ የነበርሽው እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው፣ ማን ይለቅመዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ፒያኖ አስተማሪ ስለ ፎቶዎቹ ከጻፉት በኋላ ትዕይንቱን መልሼ አየሁት። ለቅሶው ከልብ ነው ወደሚለው የበለጠ አዘነበልኩ። ይህ ግን ነገሩን አከበደብኝ እንጂ አላቀለለልኝም። ማናችንም ያላነሳነው አንድ ነገር አለ፦ ሬየት ነፍሰ ጡር ናት። የሥራ ባልደረባው ኤልተን ገና ነዳጅ ጉድጓዱ ጋ ሳሉ ነግሮታል፣ ቦቢም በዚያው ተቆጥቶ ነበር። አባቱ ፊት ተንበርክኮ የሚያለቅሰው ልጅ ራሱ አባት ሊሆን ነው፤ ያንንም እያወቀ የገንዘብ ቦርሳውን ለሬየት ሰጥቶ፣ ጃኬቱን መጸዳጃ ቤት ትቶ፣ ግንድ የጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ይሄዳል። እሱ ከቆየ ነገሮች እንደሚበላሹ ለአባቱ ሲናገር ልጁንም አስቦ ነበር ወይ? ካሰበ፣ መሄዱን እንደ ውለታ ቆጥሮታል ማለት ነው፤ እኔ ይህን መቀበል አልቻልኩም። ሲያትል ያለኸው ወንድሜ፣ ጠበቃው አንተ ነህና እዚህ ላይ መልስ እፈልጋለሁ።