ጫጉላ ይገባበታል ወይስ ይኬድበታል? «የጫጉላ ሽርሽር» በሚለው ሐረግ ላይ የተደረገ የቃላት ትርጉም ውይይት

ተርጓሚዋ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ የቃላት ወዳጆች፤ ሰሞኑን ለአዲስ ተጋቢዎች የተዘጋጀ የጉዞ ማስታወቂያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነበር። ማስታወቂያው ስለ ላንጋኖ፣ ስለ ባሕር ዳርና ስለ ዛንዚባር ሲያትት በየአንቀጹ የሚመላለሰውን «ሃኒሙን» የሚል ቃል፣ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ «የጫጉላ ሽርሽር» እያልሁ አልፌዋለሁ። ረቂቁን ለእናቴ ሳነብላት ግን አስቆመችኝና «ልጄ፣ ጫጉላ ይገባበታል እንጂ መቼ ይኬድበታል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሐረጉን በጻፍሁ ቁጥር እጄ ይያዛል። አሁን ሐረጉን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም፤ ሬዲዮውም ጋዜጣውም ይጠቀምበታል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲቆሙ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጫጉላ በትክክል ምንድን ነው? ሽርሽርስ ከእርሱ ጋር ምን አገናኘው?

መምህሩ፣ ከደብረ ማርቆስ

እኅታችን፣ እናትዎ ቃሉን ከነቤቱ ያውቁታል። ጫጉላ አስቀድሞ የቦታ ስም ነው። በገጠር ልማድ ሙሽራውና ሙሽራይቱ ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ የሚቀመጡበት፣ ከሰው ዓይን የተከለለ ስፍራ ጫጉላ ይባላል፤ አንዳንዱ በወንዱ ወላጆች ግቢ ለብቻው የሚሠራ ጎጆ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በዋናው ቤት ውስጥ በመጋረጃ የሚለይ ጓዳ ነው። ቃሉ የጊዜ ስም የሆነው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ ሙሽሮቹ በዚያ ስፍራ የሚቆዩባቸው ቀናትም በስፍራው ስም ተጠሩ። የቀኑ ቁጥር እንደየአገሩ ቢለያይም የማይለያየው ነገር ሙሽራይቱ ከደጅ አለመታየቷ፣ ሥራ አለመንካቷና ሚዜዎቹ ከሙሽሮቹ አለመራቃቸው ነው። ሚዜ በዛሬው ከተማ ሱፍ ለብሶ ፎቶግራፍ የሚነሣ አጃቢ ብቻ ሆኗል፤ በጫጉላው ልማድ ግን ከሙሽሮቹ ጋር በአንድ መሶብ የሚበላ፣ ገና ባልለመደችው ቤት የገባችውን ሙሽራ የሚያጫውት፣ እርሷም ከባሏ ቀድማ የምትለምደው ሰው ነበር።

ቃሉ የሚወዳቸውን ግሦች ብናስተውል ነገሩ ይገለጣል። ጫጉላ ይገባሉ፣ ጫጉላ ይቀመጣሉ፣ ከጫጉላ ይወጣሉ። ሁሉም የበር ግሦች ናቸው፤ የመንገድ ግሥ በመካከላቸው የለም። ሽርሽር በአንጻሩ «ተንሸራሸረ» ከሚለው የወጣ ሲሆን ያለ ጉዳይ፣ ነፋስ ለመቀበልና ዓይን ለማሳረፍ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው። ገበያ የሚሄድ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ዘመድ የሚጠይቅ ሰው በእግሩ ብዙ ቢሄድም አልተንሸራሸረም። ለሙሽሮች በልማድ የተፈቀደው የመጀመሪያ ጉዞ መልስ ነው፤ ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው ወደ ልጅቱ ወላጆች ቤት ተጠርተው ይሄዳሉ። መልስን ሽርሽር ብሎ የሚጠራ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝም የልጅቱ አባት ፊት እንዳይደግመው እመክረዋለሁ።

ከሃይፋ የምትጽፍ አባል

መምህር፣ ስለ መልስ የጻፉት አንድ ነገር አስታወሰኝ። እንግሊዞች ዛሬ የፍቅር ጉዞ አድርገው የሚያስቡት ልማድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባለጸጎቻቸው ዘንድ ከሽርሽር ይልቅ ለመልስ የቀረበ ነበር፤ አዲስ ተጋቢዎቹ ሠርጉ ላይ መገኘት ያልቻሉ ዘመዶቻቸውን በየአገሩ እየዞሩ ይጠይቁ ነበር፣ ብዙ ጊዜም ወዳጅ ወይም ቤተ ዘመድ አብሯቸው ይጓዝ ነበር። ስለዚህ ሚዜን አስከትሎ መሄድ የእኛ ብቻ አይደለም።

የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ግን ከጉዞው እጅግ ይቀድማል። ቃል በቃል «የማር ጨረቃ» ማለት ሲሆን በጽሑፍ የሚገኘው እ.ኤ.አ. ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ነው። በ1552 የታተመ አንድ የእንግሊዝኛና የላቲን መዝገበ ቃላት ሲፈታው፣ አዲስ ተጋቢዎች መጀመሪያ ላይ ያለ ልክ ይዋደዳሉ፣ ፍቅራቸው ግን እየበረደ መሄዱ አይቀርም፣ ተራው ሕዝብም ያንን የመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ስም ይጠራዋል ይላል። ጨረቃ የገባችው ስለ ውበቷ አይደለም፤ ሙሉ ሆና ከታየችበት ሌሊት ጀምራ ስለምትጎድል ነው። ማሩ ጣዕሙን፣ ጨረቃዋ ማለቁን ትናገራለች፤ ምርቃት የሚመስለው ቃል ሲፈጠር ሽሙጥ ነበረበት። በእርግጥ ተጋቢዎች አንድ ወር ሙሉ ጠጅ ስለሚጠጡ ነው የሚል ታሪክም በሰፊው ይወራል። ጠጅ ያለበት ሠርግ ለምናውቅ ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ፍቺ ነው፤ ነገር ግን ከጥንታዊዎቹ ጽሑፎች ጋር የሚስማማው የጨረቃዋ ፍቺ ስለሆነ ጠጁን በአክብሮት ወደ ጎን ብናደርገው ይሻላል።

ብዙ ቋንቋዎች ይህን ቃል እንዳለ ተርጉመው ወስደውታል። ፈረንሳዮች «የማር ጨረቃ» ይላሉ፤ ዐረቦች «ሸህር አል ዐሰል» ሲሉ የማር ወር ማለታቸው ነው፤ ቱርኮች «ባላዪ» ብለው ማርንና ጨረቃን በአንድ ቃል አጣብቀዋል፤ እኔ በምኖርበት አገር በዕብራይስጥ «ዬራሕ ድቫሽ» ይባላል። በመጀመሪያ የዕብራይስጡን ስሰማ የገረመኝ «ዬራሕ» የግእዙ «ወርኅ» ዘመድ መሆኑ ነበር። በግእዝ ወርኅ ጨረቃም ነው፣ ወርም ነው፤ አማርኛ ግን ወርን ለቀን መቁጠሪያ አስቀርቶ ለሰማዩ ብርሃን ጨረቃን መርጧል። ማር በግእዝ መዓር በመሆኑ አንድ የቤተ ክህነት ተርጓሚ ቢፈልግ ኖሮ «ወርኀ መዓር» የሚል ጥሩ ድምፅ ያለው ስያሜ በእጁ ነበረ። የአማርኛ ተርጓሚ ግን ማሩንም ጨረቃዋንም አልነካም። ቃሉን ከመተርጎም ይልቅ ልማዱን በልማድ ለወጠ፤ ከዚያም የውጪው ልማድ ጉዞ ያለበት ስለሆነ ሽርሽርን ጨመረበት።

በመጨረሻም ቀልድ ከተፈቀደልኝ፣ «ሽርሽር» ለ«መሸርሸር» ቅርብ ስለሆነ እየጎደለች የምትሄደው ጨረቃ በእኛም ሐረግ ውስጥ ሳትጠራ የገባች ይመስለኛል።

መምህሩ፣ ከደብረ ማርቆስ

ቀልዱን ተቀብያለሁ፤ ለተማሪዎቼም እነግራቸዋለሁ። ሆኖም አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ጎርፍ አፈርን ሲሸረሽርና ሰው በመስክ ሲንሸራሸር ድምፃቸው ቢቀራረብም በዛሬው አማርኛ ትርጉማቸው አይገናኝም።

በቁም ነገር መጨመር የምፈልገው የትግርኛውን ነው። ትግርኛ ለዚህ ጊዜ «ሕጽኖት» የሚል ቃል አለው፤ ይህም ሙሽሮች ተከብረውና ተጠብቀው የሚቆዩበትን ወቅት ያመለክታል። በግእዝ «ሐፀነ» አሳደገ፣ ተንከባከበ ማለት ሲሆን «ሕፅን» ደግሞ እቅፍ ነው፤ ሕጽኖትም ከዚሁ ቤተሰብ የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። አማርኛ የመከለያውን ቤት ስም ሲሰጠው ትግርኛ የመታቀፉን ስም ሰጠው። ሁለቱም መቀመጥ ናቸው። እንግዲህ ከዚህ ላይ ሽርሽርን መቀጠል፣ «የአራስ ቤት ጉዞ» እንደማለት ነው።

አስጎብኚው፣ ከባሕር ዳር

መምህር፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። ሥራዬ ሙሽሮችን ማዞር ስለሆነ ሐረጉን በየቀኑ አያለሁ፤ የምለውም ከዚያው የመጣ ነው።

አስቀድሞ ግን እናትየውን የሚደግፍ ነገር ልናገር። በአገራችን የሠርግ ወር ጥር ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያሉት ሳምንታት በዳስ ይጨናነቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እስከ ፋሲካ ማግስት መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ሙሽሮቼ በብዛት የሚመጡት በበጋ፣ ዓባይ በጎደለበት ጊዜ ነው፤ ክረምት ላይ አካባቢውን በጉም የሚሸፍነው ጢስ ዓባይ ጢሱ ሳስቶ ይጠብቃቸዋል። በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት ስንሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት ትናንት «አትለያዩ» ተብለው የተመረቁ ሁለት ሰዎች በማግስቱ አንዱ ደሴቱ ላይ፣ አንዷ ጀልባው ውስጥ ሆነው ይጠባበቃሉ። አሁን መጀመሪያ የምወስዳቸው ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነው፤ እዚያ ሁለቱም ይገባሉ። ሽርሽሩ ለሙሽራ ተብሎ የተሠራ አለመሆኑን እንግዲህ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ነገር ግን የውጪ እንግዶቼን ስጠይቅ የተረዳሁት ብዙ ሕዝብ ጊዜውንና ጉዞውን በሁለት ስም እንደሚጠራ ነው። ጀርመኖች ጊዜውን «ፍሊተርቮኸን» ይሉታል፤ መንሾካሾክን፣ መሽኮርመምንና መደባበስን ከሚያመለክት አሮጌ ግሥ የወጣ ስለሆነ የመንሾካሾክ ሳምንታት ብንለው አንሳሳትም። ጉዞውን ግን ለይተው «የሠርግ ጉዞ» ይላሉ። ጃፓኖችም «ሺንኮን ርዮኮ» ሲሉ የአዲስ ጋብቻ ጉዞ ማለታቸው ነው፤ በአገራቸው የመጀመሪያው እየተባለ የሚነገርለት የሳሙራዩ የሳካሞቶ ርዮማና የባለቤቱ የኦርዮ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1866 የተደረገ ሲሆን፣ እርሱ ከደረሰበት ቁስል እንዲያገግም ወደ ኪሪሺማ አካባቢ ፍል ውኃ ሄደው ነው። ወንዶ ገነትና ሶደሬ የሄደ ሐበሻ ሙሽራ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ከሁሉም የገረመኝ ግን የስዋሂሊው ነው። ሙሽሮቻችን የባሕር ዳርቻ ፍለጋ ዛንዚባር ድረስ ይበራሉ፤ በዚያ አገር ቋንቋ ይህ ወቅት «ፉንጋቴ» ይባላል፣ ከሠርጉ በኋላ ያሉት ሰባት ቀናት ማለት ነው። ቀን ይቆጥራል እንጂ መንገድ አይጠቅስም።

ታዲያ አማርኛ ሁለቱን ስም በአንድ ሐረግ ማሰሩ ጥፋት ነው? እኔ እንዳየሁት ከሆነ አይደለም። ሙሽሮች ሆቴል ሲደርሱ በመጀመሪያው ቀን ጀልባም፣ ገዳምም፣ ፏፏቴም አይፈልጉም። ቁርሳቸውን ክፍላቸው ድረስ ያስመጣሉ፤ መጋረጃው እስከ ቀትር አይከፈትም። በቤተሰብ መካከል በጎጆና በመጋረጃ ይገኝ የነበረውን ከለላ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አይሰጥምና፣ በአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ይገዙታል። መምህር ጫጉላ የበር ግሥ ይወዳል ብለዋል፤ በሩ አሁንም አለ፣ ቁልፉ ካርድ ሆነ እንጂ።

መምህሩ፣ ከደብረ ማርቆስ

ይህን አላሰብሁትም ነበር። እንግዲህ በእርስዎ አነጋገር ሽርሽሩ ወደ ጫጉላ የሚያደርሰው መንገድ ነው እንጂ ጫጉላው ራሱ አይደለም፤ «የጫጉላ ሽርሽር» ሲባልም «ወደ ጫጉላ የሚደረግ ሽርሽር» ብለን ልንፈታው እንችላለን። አማርኛ «የ»ን እንዲህ አድርጎ መጠቀሙ እንግዳ አይደለም፤ «የጎንደር መንገድ» ስንል ወደ ጎንደር የሚወስደውን ማለታችን ነው። ሰዋስዉ ከእርስዎ ጋር ነው። ቅር የሚለኝ ሽርሽር ሥር ሰድዶ ጉዞ በሌለበት ሁሉ መግባቱ ነው። ጋዜጠኞች አዲስ የተሾመ ባለ ሥልጣን ወቀሳ ሲጀምረው «የጫጉላ ሽርሽሩ አበቃ» ይላሉ፤ ሰውየው ከቢሮው አልወጣም እኮ። በዚያ ቦታ «የጫጉላ ጊዜው አለፈ» ማለት አጭርም፣ ትክክልም ነው።

ተርጓሚዋ፣ ከአዲስ አበባ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማስታወቂያውን እንዲህ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ፤ የአውሮፕላኑንና የጉብኝቱን ዝርዝር በያዘው ክፍል «የሙሽሮች ጉዞ» ብያለሁ፤ በርዕሱ ላይ አንባቢ የለመደው «የጫጉላ ሽርሽር» እንዲቆይ ትቼዋለሁ፤ ሆቴሎቹ ለአዲስ ተጋቢዎች ለይተው የሚያስጌጡትን ክፍል ግን፣ የጉዞ ወኪሉ «የሙሽሮች ልዩ ክፍል» እንዲባል ቢፈልግም፣ «ጫጉላ ቤት» ብዬ ጽፌ ተቀብሎኛል። አስጎብኚው ወንድማችን ስለ በሩ ያነሡት ሐሳብ ነው ለዚህ ያደረሰኝ።

የተስተካከለውን ጽሑፍ ትናንት ማታ ለእናቴ አነበብሁላት። «ጫጉላ ቤት» የሚለው ላይ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች፤ ደስ ብሏታል። የክፍሉን ዋጋ፣ አልጋው አንድ መሆኑንና ሁለት ሰው ብቻ እንደሚይዝ እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ ግን ጥቂት አሰብ አደረገችና «ሚዜዎቹስ የት ያድራሉ?» አለችኝ።