ዝቅ የተደረገ ቪትዝን በግቢ ውስጥ ያለ አደጋ ለማንሳት ምን ማድረግ ይገባል?

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የገዛሁት ቶዮታ ቪትዝ የቀድሞ ባለቤቱ ሞላዎቹን አስቆርጦ ዝቅ ያደረገው ነው። ከበሩ ሥር የሚሄደው የቆርቆሮ ጠርዝ ከመሬት ያለው ከፍታ ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የፊት ፓራውልቱ (የግጭት መከላከያው) ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ዘይትና ፊልትሮ መቀየርን፣ የፍሬን ሸራ ማየትንና ጎማ ማዘዋወርን የመሳሰሉ ሥራዎችን በግቢዬ ራሴ ብሠራቸው እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ከጎረቤት የተዋስኩት ባለ ጎማ የወለል ክሪክ እስከ መጨረሻው ወርዶም ከጠርዙ ሥር አልገባ ብሏል። ግቢዬ እስከ ግማሹ ድረስ ኮብልስቶን የተነጠፈበት፣ ቀሪው ግን ጥቁር አፈር ነው። አንድ ወዳጄ «ሦስት አራት ሰው ሆነን በእጅ ብድግ እናድርገውና ብሎኬት እንደግፍበት» ብሎኛል፤ እኔ ግን ከሥሩ ገብቼ የምተኛበትን መኪና በዚህ መልክ ለማመን አልደፈርኩም። ክሪኩን ስለማስገባት፣ ስለ ትክክለኛው የማንሻ ቦታና መኪናውን ከፍ ብሎ እንዳለ ስለማቆም ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መካኒክ ከዓባይ ማዶ፦

ወንድሜ፣ ብሎኬቱን አለመቀበልዎ ትክክል ነው፤ ከዚሁ ልጀምር። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ሆኖ የሚሠራው በግድግዳ ውስጥ ሆኖ ከላይ የሚመጣውን ክብደት በገጹ ሁሉ እንዲሸከም ነው። የመኪናው ጠርዝ ግን ክብደቱን ከጣት በማይሰፋ መስመር ላይ ስለሚያሳርፈው ብሎኬቱ በአንድ ቅጽበት ይፈርሳል። ብረት ሲከብደው ይጎብጣል፣ እንጨትም ሲከብደው ይንጫጫል፤ ብሎኬት ግን ከሥሩ ያለው ሰው እጁን እንኳ እንዲሰበስብ ጊዜ አይሰጥም። ጠንካራ የሚባለውም ቢሆን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ወደ ክሪኩ ስንመጣ፣ ችግሩ የማንሳት አቅሙ ሳይሆን የራሱ ቁመት ነው። በብዛት የሚገኙት የወለል ክሪኮች ሙሉ በሙሉ ሲወርዱ ቁመታቸው ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለዝቅተኛ መኪና ተብለው የሚሠሩት ግን ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይወርዳሉ። ዝቅ የሚለውን ማግኘት ካልቻሉ መኪናውን አስቀድመው በጣውላ ላይ ያውጡት። ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከጎማው ስፋት የሚበልጥና በደንብ የደረቀ ጣውላ ከሁለቱ የፊት ጎማዎች ፊት ያስቀምጡና ቀስ ብለው ይንዱበት። ተጨማሪ ከፍታ ካስፈለገዎ ሁለተኛ ጣውላ ይደርቡ፤ ሆኖም የታችኛው ወደ መውጫው በኩል ረዘም ብሎ ደረጃ መሥራት አለበት። ጎማው የመጀመሪያውን ደረጃ ሲወጣ ፓራውልቱም አብሮ ከፍ ስለሚል ሁለተኛውን ሳይነካ ያልፋል፤ ሁለቱን እኩል ቆርጠው ከደረቧቸው ግን ፓራውልቱ ከጎማው ቀድሞ ይጋጫል። የተደረቡትን ጣውላዎች በረጅም ቪስ እርስ በርስ ይሰሯቸው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ሲደርቅ እየተጣመመ በርዝመቱ ስለሚሰነጠቅ አልመክረውም። ሲወጡም ከመኪናው ጎን ቆሞ የሚያይልዎ ሰው ያስፈልጋል፤ ከፊት ለፊት ግን ማንም እንዳይቆም።

የማንሻ ቦታው በሁለቱም ጎን፣ ከፊት ጎማ ኋላና ከኋላ ጎማ ፊት፣ የበሩ ሥር ጠርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁርጥ ምልክቶች ያሉበት ነው፤ ክሪኩ መግባት ያለበት በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው። ጠርዙ እንዳይጣመም መሐሉ የተቦረቦረ ጎማ በክሪኩ ራስ ላይ ያድርጉ። ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በአንድ ጊዜ ማንሳት ሲፈልጉ ከሞተሩ ሥር በአግድም የሚያልፈውን ወፍራም ብረት ይጠቀሙ። ኮፓ የምንለውን የዘይት መያዣ፣ ካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ እና የወለሉን ቆርቆሮ ግን ክሪክ እንዳይነካቸው።

ከዚያ በኋላ ካቫሌቶ፣ ማለትም ቁመቱ የሚስተካከል ባለ እግር የብረት መደገፊያ፣ በጎን ባሉት የማንሻ ቦታዎች ሥር ይገባል። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለማቆም የተሠራ መሣሪያ አይደለም፤ በውስጡ ያለች ትንሽ የጎማ ማኅተም ዘይት ማሳለፍ ከጀመረች መኪናው ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ቪትዝ ክብደቱ ከ1 ቶን ብዙም ስለማይርቅ ባለ 2 ቶን ካቫሌቶ ይበቃዋል፤ አንዳንዱ ላይ የተጻፈው አቅም ግን የጥንዱ እንጂ የአንዱ ስላልሆነ ጽሑፉን አንብበው ይግዙ።

የግንባታ ባለሙያ፣ ጣና ዳር፦

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ስለ መሬቱ ግን የምጨምረው አለኝ፤ በእኛ ከተማ በባሕር ዳር ዋናው አደጋ ያለው እዚያ ይመስለኛል። የወለል ክሪክ ክንዱ ወደ ላይ ሲነሣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ቅስት እየሠራ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ መኪናው በቦታው ጸንቶ እንዲቆም ከተፈለገ ክሪኩ ራሱ በትንንሽ ጎማዎቹ ወደ መኪናው እየተንከባለለ መግባት አለበት። ኮብልስቶን ላይ ግን ጎማዎቹ በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ይሰነቀራሉ፤ ክሪኩ መንቀሳቀስ ሲያቅተው ወይ መኪናውን ወደ ራሱ ይጎትታል፣ ወይም ራሱ ከጠርዙ ሥር ይንሸራተታል። ከሥሩ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ዘርግተው፣ የክሪኩን እጀታ በሚጫኑበት ጊዜ ክሪኩ ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ እየገባ መሆኑን በዓይንዎ ይከታተሉ። ካልተንቀሳቀሰ አውርደው እንደገና ያስተካክሉ።

በጥቁር አፈሩ ላይ ግን በምንም መንገድ አይሥሩ። ይህ አፈር በበጋ እየተሰነጠቀ፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ እያበጠ የሚኖር ነው። ከላይ ደርቆ የጠነከረ ሲመስል እንኳ ከሥሩ ልስልስ ሊሆን ይችላል፤ የካቫሌቶ ቀጫጭን እግሮችም ክብደቱን በጠባብ ቦታ ስለሚያሳርፉት አንዱ እግር ከሌላው ቀድሞ ሊሰምጥና መደገፊያውን ሊያዘም ይችላል። የጣና ዳር ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚበረታ፣ አቅምዎ ከፈቀደ መኪናው የሚያርፍበትን ያህል ቦታ ብረት የገባበት ኮንክሪት ቢያስፈስሱ ለዘለቄታው ይገላገላሉ። እስከዚያው ኮብልስቶኑ ላይ፣ ደልዳላው ቦታ ተመርጦ፣ በእያንዳንዱ ካቫሌቶ ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ ይግባ።

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግልጽ ያልሆነልኝ አለ። መኪናዬ አውቶማቲክ ነው። ማርሹን ፒ ላይ አድርጌ የእጅ ፍሬኑን ከሳብኩ ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ ታኮ ማድረጉ የግድ ነው?

መካኒክ ከዓባይ ማዶ፦

የግድ ነው። የቪትዝ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ስለዚህ የኋላውን ካነሡት፣ የእጅ ፍሬኑ አየር ላይ የተንጠለጠሉትን ጎማዎች ይዞ ይቀራል እንጂ መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያያይዘው አይሆንም። ፒ ደግሞ የሚቆልፈው የፊት ጎማዎቹን በቀጥታ ሳይሆን ካምቢዮውን ነው። በካምቢዮውና በጎማዎቹ መካከል ዲፈረንሻል አለ፤ የእርሱ ሥራ መኪናው ሲታጠፍ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ መፍቀድ ነው። በዚህም ምክንያት ከፊት አንዱን ጎማ ብቻ ካነሡ የተንጠለጠለው ወደ ኋላ እየዞረ መሬት ላይ ያለው ወደ ፊት ሊንከባለል ይችላል፤ ፒ ላይ ቢሆንም ያው ነው። ስለዚህ ፊቱ ሲነሣ የኋላ ጎማዎች፣ ኋላው ሲነሣ የፊት ጎማዎች ከሁለቱም ወገን በታኮ ይያዙ። ታኮው ከጎማው ጋር የሚገጥም ሰያፍ እንጨት ይሁን እንጂ መንገድ ላይ የተገኘ ክብ ድንጋይ አይሁን።

የጎማ ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ትንሽ ያላሏቸው፤ ተሰቅሎ እያለ በኃይል መታገል መኪናውን ከመደገፊያው ያናውጠዋል። መልሰው ሲያስሩ ደግሞ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በሰያፍ እየተሻገሩ ያጥብቁ፤ ለቪትዝ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

የድሮ ሹፌር፦

ስለ ሞላዎቹ ማንም ያነሣ ስለሌለ ልጨምር። የተቆረጠ ሞላ ከትክክለኛው ያጥራል፤ መኪናው ሲነሣና ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል በሞላውና በመቀመጫው መካከል ክፍተት ሊፈጠር ይችላል። በተለይ ሞላው ከሾክ አብዞርበሩ ተለይቶ ለብቻው የሚቀመጥ ከሆነ ከቦታው ይዞርና ሲወርድ ተጣሞ ይቀመጣል። ስለዚህ ጎማውን ከመመለስዎ በፊት፣ መኪናው በካቫሌቶ ላይ እንዳለ፣ የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በትክክል ማረፉን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ከሞላው አጠገብ ጣትዎን አያስገቡ።

ከልቤ የምመክርዎ ግን በልኩ የተሠራ ሞላ ፈልገው እንዲያስገቡ ነው። ዝቅ ያለው መኪና ሾኩን ያለ ጊዜው ይጨርሳል፤ በየሰፈራችን ባለው ኮብልስቶንና ጉብታ ላይ ደግሞ ኮፓውን የሚመታው ቀን ሩቅ አይሆንም።

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ሞላውን ለመቀየር ወስኛለሁ፤ ያንን ግን በጋራዥ አሠራዋለሁ። ለዘይቱ ሥራ ጣውላውንና ካቫሌቶውን አዘጋጃለሁ። ከሥሩ ከመግባቴ በፊት መጽናቱን የማረጋግጥበት መንገድ ካለ ብትነግሩኝ።

መካኒክ ከዓባይ ማዶ፦

አለ። መኪናው በካቫሌቶዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ከጎን ቆመው፣ እግርዎን ከሥሩ አርቀው፣ በሁለት እጅዎ ገፋ ገፋ ያድርጉት። የሚወድቅ ከሆነ እርስዎ ውጭ እያሉ ይውደቅ። ከዚያ ክሪኩን ሳያወጡ ጠርዙን ለመንካት ያህል ብቻ ተጠግቶ እንዲቆይ ያድርጉ፤ ጎማ ፈትተው ከሆነም ያንኑ ጎማ ከጠርዙ ሥር አስተኝተው ይተዉት። ሥራው እስኪያልቅ ልጆች ወደ ግቢው እንዳይወጡ፣ አንድ አዋቂ ሰው ግን ድምፅዎን በሚሰማበት ርቀት ላይ እንዲቆይ ያድርጉ። ሲያወርዱ የክሪኩን ቫልቭ በጣም ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ መኪናው ዝቅ ያለ ስለሆነ የክሪኩ እጀታ ከፓራውልቱ ሥር ተቀርቅሮ እንዳይቀር ከጣውላው ላይ ሳይወርድ በፊት ክሪኩን ጎትተው ያውጡት።